በእናቴ ስም የወለድኩት ልጅ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴም ቢሆን። ፊታቸው ተንበርክኬ በቁጣዬ፣ በሐሜቴ፣ ጾም ባስገደፈኝ ማኪያቶ ሳይቀር ተናዝዣለሁ፤ ይቺን ግን አንድም ቀን ከአፌ አውጥቻት አላውቅም። "ሌላስ ልጄ?" ይሉኛል። "ሌላ የለኝም አባ" እላቸዋለሁ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ። አሁን ለእናንተ ልናገር ነው። ለምን ለእናንተ? ስለማታውቁኝ ነዋ! ነገ 18 ማዞሪያ ታክሲ ስጠብቅ ብታዩኝ አትለዩኝም። ድፍረቴ ይቺው ናት፣ ከዚህ አታልፍም።

ሮማን እባላለሁ፤ ኮልፌ ውስጥ ትንሽ ፀጉር ቤት አለኝ። ደንበኞቼ ወሬኛ ይሉኛል፣ እውነታቸውን ነው። የማን የአሜሪካ ፕሮሰስ የት እንደደረሰ፣ ማንን ባሏ ከውጭ ሊወስዳት እንደሆነ፣ የማን ኢንተርቪው እንደተበላሸ ሳወራ እውላለሁ። በኛ ሰፈር ሰው ሁሉ ወይ ራሱ ፕሮሰስ ላይ ነው፣ ወይ ፕሮሰስ ላይ ያለ ዘመድ አለው። የኔን ሲጠይቁኝ ግን "እኔ እኮ ዕድል የለኝም" ብዬ ወሬ እቀይራለሁ። ዕድል! ዕድል ምን አደረገኝ? ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ያደረግኩት ይህ ነው። እኔ የወለድኩትን ልጅ እናቴ ወለደችው ብያለሁ። ለጎረቤት ብቻ ቢሆን ኖሮ ምንም አልነበረም። ያልኩት ለአባቴ ነው። አባቴ ደግሞ ያኔ አሜሪካ ከገባ ስንት ዓመቱ፤ አንድም ቀን ተመልሶ አልመጣም። አሁን ገባችሁ? እናቴን ባሏ በሌለበት ከሌላ ሰው የወለደች ሴት አደረግኳት። እኔ ነኝ፤ ሌላ ማንም አይደለም።

አባዬ ሲሄድ ሃይስኩል እንኳ አልጨረስኩም ነበር። መሥሪያ ቤቱ ለአጭር ሥልጠና ላከውና እዚያው ቀረ። ወረቀቱ እስኪስተካከል እሱ መምጣት አይችልም፣ እኛም መሄድ አንችልም። እማዬና እኔ ሳንሱሲ ኪራይ ቤት ተቀምጠን ስልኩን ስንጠብቅ ዓመታቱ ነጎዱ። እማዬ እኔን የወለደችኝ በልጅነቷ ስለሆነ አብረን ስንሄድ እህትሽ ናት ወይ ይሉኝ ነበር። ቆንጆ ናት፣ ሳቂታ ናት። በዚያ ሁሉ ዓመት ግን ቀና ብላ ወንድ አላየችም። ይህን ከኔ የተሻለ የሚያውቅ ሰው የለም። አንድ አልጋ ላይ ነበር የምናድረው።

በመጨረሻ አባዬ ወረቀቱ ተሳካለትና ለሁለታችንም አመለከተ። የእማዬ በሚስትነት ነው። የኔ ግን ዕድሜዬ ሃያ አንድ ስላለፈ "ያላገባች ልጅ" በሚለው ለብቻው ተከፈተ፤ ብዙ ዓመት ይጠብቃል ተባለ። እስከዚያ ካገባሁ ይዘጋል። አባዬ በደወለ ቁጥር የሚለኝ ይህንኑ ነበር። "ሮሚ አደራ! እዚህ እስክትመጪ ትዳር የሚባል ነገር እንዳታስቢ።"

አላገባሁም። አረገዝኩ እንጂ።

የልጁን አባት ነገር ተዉት። ሆዴ ሳይታወቅ የደቡብ አፍሪካን መንገድ ጀመረ፤ ይድረስ አይድረስ ዛሬም አላውቅም። እማዬ ስትሰማ አልጮኸችም፣ አልመታችኝም። እጇን አገጯ ላይ አድርጋ "ፋይሉስ?" አለችኝ። ያኔ ለኛ ከሞት በላይ የሚያስፈራን የፋይሉ ነገር ነበር።

ጦር ኃይሎች አካባቢ አንድ ፎቅ ላይ ቢሮ የነበረው አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ዘንድ ሄድን። ስለ ራሴ ብዬ አልጠየቅኩም፤ "አንዲት ጓደኛዬ" አልኩት። ሰውዬው ሳቀ። "እህቴ፣ ያላገባች ማለት እኮ ልጅ የሌላት ማለት ነው። ልጅ ካላት ባል አላት፣ አለቀ። በዚህ ስንቷ ተቃጥላለች መሰለሽ?" አለኝ። እኛም አመንን። ለምን አናምንም? ባደግኩበት ቤት፣ ባደግኩበት ሰፈር፣ ያላገባች ልጅ ልጅ የላትም። ቢኖራትም የላትም ይባላል። የአክስት ይሆናል፣ የአያት ይሆናል፣ ከገጠር የመጣ ይባላል። ይህ የኛው የቤት ደንብ ነው። የአሜሪካንም ሕግ በኛ ደንብ ለካነው። ሌላ ሰው መጠየቅ አልችልም ነበር? እችል ነበር። ለመጠየቅ ግን "ልጅ አለኝ" ማለት ነበረብኝ፤ እሱን ደግሞ አፌ አልቻለም።

መላውን የመታችው እማዬ ናት። ሳንሱሲን ለቀን ማንም የማያውቀን ኮልፌ ገባን። ለአከራዮቻችን ባሌ ከአሜሪካ መጥቶ ሄዷል፣ ነፍሰ ጡር ነኝ አለቻቸው። ሰፊ ቀሚስ ለብሳ፣ ወገቧን በጋቢ ጠቅልላ ትወጣለች። እኔ ታይፎይድ ይዟታል ተብዬ ቤት ተዘጋሁ። ሳስበው እንዴት አላፈረችም እላለሁ። በዚያ ዕድሜዋ፣ በዚያ ጨዋነቷ! ለኔ ብላ ነው። ሁሉም ነገር ለኔ ተብሎ ነው የተጀመረው።

ሌላ ሰፈር ካለ ሆስፒታል ገብቼ በኦፕራሲዮን ወለድኩ። ስንመለስ ልጁን ታቅፋ ከታክሲ የወረደችው እማዬ ናት። እኔ ስፌቴን በእጄ ደግፌ ከኋላ ከኋላ ተከተልኳት። እሷ አራስ ሆና አልጋ ላይ ወጣች። የግቢው ሴቶች ገንፎ ይዘው፣ እልል እያሉ ገቡ። አስቡት እንግዲህ! ያልወለደችው ተኝታ ገንፎ ትጎርሳለች፤ የወለደችው ጎንበስ ቀና እያለች እንግዳ ታስተናግዳለች። ስፌቴ ሲስበኝ ዓይኔ ጨለማ ይሆንብኛል። ጡቴ አግቶ ሸሚዜን ሲያበሰብሰው ሻርፕ ደርቤ ሸፈንኩት። "እናቷን እንዴት እንደምታርሳት እዩልኝ! ተባረኪ የኔ ልጅ!" ብለው መረቁኝ። ልጁ ሲያለቅስ እማዬ "ሮሚ፣ እስቲ ጓዳ ወስደሽ አባብይልኝ" ትላለች። ጓዳ ገብቼ፣ በሩን በጀርባዬ ደግፌ፣ ከንፈሬን ነክሼ አጠባዋለሁ። እንግዶቹ ሲወጡ እማዬ ብድግ ትልና ዳር ዳሩን ብቻ ነክታ ያስቀረችልኝን ገንፎ ታጎርሰኛለች። "ብዪ፣ አንቺ ነሽ አራሷ" ትለኛለች። ሁለታችንም እንስቅ ነበር። እንስቅ ነበር!

በአርባ ቀኑ ክርስትና ተነሳ። ኪሩቤል ተባለ። ትምህርት ቤት ሲገባ የልደት ወረቀት ስለተጠየቀ፣ እናት እማዬ፣ አባት አባዬ ተብሎ ተጻፈ። ከዚያ ወዲያ ወንድሜ ሆነ። እሷን እማዬ፣ እኔን እቴቴ እያለ አደገ። የእማዬ የቪዛ ተራ ቀድሞ ደርሶ ነበር። ሮሚንና ልጁን የት ጥዬ ነው የምሄደው ብላ ለአባዬ ዛሬ አሞኛል፣ ነገ ወረቀት ጎድሏል እያለች ጉዳዩን አስተኛችው። ሐሳባችን እኔ ቀድሜ ልግባና ከዚያ መንገድ እንፈልጋለን የሚል ነበር። ምን መንገድ? እሱን አላሰብንበትም። አባዬ ስለ ኪሩ ምንም አያውቅም፤ በቪዲዮ ሲደውል ልጁን ጎረቤት እንልከዋለን።

ጉዱ የመጣው በወይዘሮ ዘነበች በኩል ነው። የግቢያችን ሰው ናቸው፣ ደግ ሴት ናቸው። ልጃቸው አሜሪካ ወልዳ ሊያርሷት ሄዱ። ባጋጣሚ አባዬ ያለበት ከተማ ሆነና ቤተ ክርስቲያን ተገናኙ። ያው ደስ ብሏቸው ነው፤ "ልጅህ እንዴት አድጓል መሰለህ! ቁርጥ አንተን! ያኔ መጥተህ ሳናይህ መሄድህ ግን ቅር ብሎናል" አሉት።

አባዬ የደወለልኝ ለኔ ነበር። ፀጉር ቤት ነበርኩ፣ የአንዲት ደንበኛ ግማሽ ፀጉር በቢጎዲን ጠቅልዬ ግማሹ ቀርቶኛል። ስልኩን ይዤ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ድምፁ የሱ አይመስልም።

"ሮሚ፣ ቤታችሁ ውስጥ በስሜ የሚጠራ ልጅ አለ አሉኝ" አለኝ።

የጓሮውን በር ከኋላዬ ዘጋሁት።

"ያንቺ ከሆነ ንገሪኝ። አልቆጣሽም። ወጣት ነሽ፣ ልትሳሳቺ ትችያለሽ። እኔ አባትሽ ነኝ። ያንቺ ነው?"

እንግዲህ ይህን ልብ በሉልኝ። በሩን ከፍቶልኝ ነበር። አልቆጣሽም ብሎኛል። አባቴ ዋሽቶኝ አያውቅም፣ አልቆጣሽም ካለ አይቆጣም። ጓሮው ግድግዳ ላይ ተለጥፌ ያሰብኩትን አስታውሳለሁ፤ ረስቼው ቢሆን ደስ ባለኝ። ስለ እማዬ አላሰብኩም። ስለ ኪሩ አላሰብኩም። የኢንተርቪው ጊዜዬ እየደረሰ ነበር። ያመለከተልኝ አባዬ ነው፣ "ልጄ ያላገባች፣ ልጅም የሌላት" ብሎ ማስረጃ የሚሰጥልኝ እሱ ነው ብዬ ነው ያሰብኩት። እሱ ካወቀ ወይ ይዋሽልኛል፣ ወይ ፋይሌ ይቃጠላል። አባዬ ደግሞ አይዋሽም።

"የእማዬ ነው" አልኩት።

ሲተነፍስ ሰማሁት። "ለካ መምጣቱን ያልፈለገችው ለዚህ ነው" አለ፣ ለኔ ሳይሆን ለራሱ። ስልኩ ተዘጋ። መልሼ ልደውል እችል ነበር፤ ካርድ ነበረኝ። አልደወልኩም። ገባሁና የሴትየዋን ቀሪ ፀጉር ጠቀለልኩላት። ሒሳቤንም ተቀበልኳት። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

አመሻሽ ላይ ለእማዬ ደወለላት። አልነገርኳትም ነበር። ቢያንስ ቀድሜ ልነግራት ይገባኝ ነበር አይደል? ቤት እስክትገባ ስጠብቅ ቃሉን አፌ ላይ አዘጋጅቼ ነበር፤ ስትገባ ግን "ዳቦ ገዛሽ ወይ?" ብቻ አልኳት። ከዚያ ስልኩ ጠራ። ቆማ አነሳችው። ኪሩ እግሯ ሥር ተቀምጦ የጫማውን ክር ይፈታል። ስታዳምጥ ስታዳምጥ ፊቷ ደሙ ሲመጠጥ አየሁ። ከዚያ ዓይኗን አነሳችና እኔን አየችኝ። ገባት። የጠየቀችኝ በዓይኗ ነው፤ "አንቺ ነሽ?" ነበር የምትለኝ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። "እኔ ነኝ፣ የኔ ነው፣ ስጪኝ ስልኩን" ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።

"አዎ፣ የኔ ነው" አለች እማዬ።

ከዚያ ስድቡን እስከ መጨረሻው ሰማች። አባዬ ሲሳደብ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ሲጨርስ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ፣ ኪሩን ጫማውን አስወልቃ፣ ወደኔ ዞራ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? "ፋይልሽስ ደህና ነው?"

"ደህና ነው" አልኳት።

በቃ፣ ስለዚህ ነገር ዳግም አላነሳችብኝም። ብትሰድበኝ፣ ፀጉሬን ብትነጨኝ ይሻለኝ ነበር። አባዬ የእማዬን ማመልከቻ አነሳ። ታላቅ ወንድሙን ጋሼ ታደሰን ወክሎ ፍቺ ጠየቀ። ጋሼ ታደሰ ቤታችን መጥተው እኔ ፊት ከሰው አፍ የማይወጣ ስድብ ሰደቧት። እኔ ሻይ አቀረብኩላቸው። ፍርድ ቤት ዳኛው ሲጠይቃት "ይሁን" ብላ ወጣች። ወይዘሮ ዘነበች ሲመለሱ ግቢው ሁሉ ባሏ መጥቶ እንደማያውቅ አወቀ። የማርያም ማኅበሯ ተራዋ ሲደርስ ዘለላት። ቁረቡ፣ ንስሐ ግቡ ሲባል እሷ ከቅጥር ውጭ ቆማ ተሳልማ ትመለሳለች። የንስሐ አባታችን አንድ ናቸው፤ ያልሠራችውን ሠራሁ ብላ በእግዚአብሔር ፊት መዋሸት አትችልም፣ የሠራሁትን ደግሞ ልትናገርብኝ አልፈለገችም። ስለዚህ ተወችው።

ፀጉር ቤት ደግሞ ደንበኞቼ ከንፈር ይመጥጡልኝ ጀመር። "አንቺ ምስኪን፣ በእናትሽ ጥፋት አንቺም ልትጎጂ" ይሉኛል። እኔስ? ምን የምል ይመስላችኋል? አንገቴን ደፍቼ እቀበላለሁ። አንድ ቀን አንዷ ስለ እማዬ ስትቀልድ ፈገግ አልኩ። ፈገግ ያልኩት ደንበኛዬ ስለሆነች ነው። አፈር ልብላ።

ተራዬ ደረሰ። ከኢንተርቪው በፊት የጤና ምርመራ አለ። ዶክተሯ ከእምብርቴ በታች ያለውን ጠባሳ አይታ "ወልደሽ ታውቂያለሽ?" አለችኝ። "የትርፍ አንጀት ኦፕራሲዮን ነው" አልኳት። ትርፍ አንጀት የት እንዳለ የማታውቅ ይመስል! ቀና ብላ አየችኝና ጻፈች።

ኤምባሲው መስኮት ጋ ቆምኩ። ከመስታወቱ ወዲያ ያለችው ፈረንጅ ጠየቀች፣ አስተርጓሚው ወደ አማርኛ መለሰው። ልጅ አለሽ ወይ? የለኝም። ወልደሽ አታውቂም? አላውቅም። ፈረንጇ ኮምፒውተሯን አየት አድርጋ ቀስ ብላ ተናገረች። አስተርጓሚው ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ የሰፈሬ ልጅ ይመስል በሚያሳዝን ድምፅ ነው የነገረኝ።

"ምርመራው ላይ የተጻፈው ሌላ ነው። ልጅ ካለሽ አሁን ብትናገሪ ይሻላል ትላለች።"

እዚያም በሩ ተከፍቶልኝ ነበር። ሁለተኛ ዕድል ነው። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? እኔ በዚያች ሰዓት ያሰብኩት "ለዚህች ቃል እማዬን ሰጥቻለሁ፣ አሁን እንዴት እመለሳለሁ?" ነው። እማዬን ከፍዬ የገዛሁት ውሸት ነው፣ አልጥለውም አልኩ። "ልጅ የለኝም" አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ኪሩ ያን ዕለት ጠዋት ሸሚዜን ይዞ "እቴቴ፣ አሜሪካ ስትገቢ ኳስ ትልኪልኛለሽ?" ብሎኝ ነው የወጣሁት።

ፈረንጇ ፓስፖርቴን መለሰችልኝ። ስትናገር አልተቆጣችም። አስተርጓሚው እየቆራረጠ ነገረኝ። ልጅ መውለድ አይከለክልሽም ነበር ትላለች። ያላገባች ልጅ የወለደችውን ልጅ ይዛ መሄድ ትችላለች፣ ብትናገሪ ኖሮ አብሮሽ ይሄድ ነበር። የሚከለክለው መዋሸቱ ነው፤ አሁን ግን ተመዝግቧል።

ይዛ መሄድ ትችላለች! እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ሰልፉ ላይ ያሉት ሰዎች ቪዛ ተከልክላ ነው ብለው አዘኑልኝ። ቪዛው መቼ ትዝ አለኝ? ልጄን በእጄ ይዤ፣ ስሙን በስሜ አስጽፌ፣ እማዬም በክብሯ ከባሏ ጋር፣ ሁላችንም መሄድ እንችል ነበር። ያ ሁሉ ገንፎ፣ ያ ሁሉ ጋቢ፣ ያ ሁሉ ስድብ ለምንም አልነበረም። ጉዳይ አስፈጻሚው ነው ያሳሳተኝ ልበል? ብዬ ነበር፣ ለራሴ። አይሆንም። የሕጉን ነገር እሱ አሳሳተኝ፤ "የእማዬ ነው" በዪ ግን አላለኝም።

ለእማዬ "አልፈቀዱልኝም" አልኳት። "ለምን?" ስትለኝ "ለምን እንደሆነ እንጃ" አልኳት። እናቴ እንደዚያ ሆና የቀረችው ለከንቱ መሆኑን እስክትሞት አላወቀችም። አንድ ሁለት ቀን አተኩራ አይታኝ ነበር፤ ባላውቀው ይሻላል ብላ ሳይሆን አይቀርም፣ አልጠየቀችኝም። አባዬ ደግሞ በስልክ "እናትሽ ናት ዕድልሽን ያበላሸችው፣ በዚያ ልጅ ምክንያት ፋይልሽን ተጠራጠሩት" አለኝ። አባዬ ሳያውቅ ትንሽ ልክ ነበር። "ይሆናል" አልኩት። ይሆናል!

እማዬ ከዚያ በኋላ በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀች መሸጥ ጀመረች፣ ኪሩን በዚያ አሳደገችው። ልጁም ዲቃላ መባልን ለመደ። ተደባድቦ ሲመጣ ፊቱን የምታጥበው እሷ ናት፣ "ማን ነው አባቴ?" ሲላት "እግዚአብሔር ነው" የምትለው እሷ ናት። እኔ ከጎን ሆኜ አያለሁ። ደም ግፊቷ ሲጠናባት ሆስፒታል ሳስታምማት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። "ለአባትሽ ምንም እንድትነግሪልኝ አልፈልግም ሮሚ፣ አልፏል። ልጁን ግን እናት አታሳጪው።"

"እሺ" አልኳት። ስትሰማኝ ዓይኗን ጨፈነች፤ ደስ ያላት መስሎኛል።

ቀብሯ ላይ ኪሩ ራሱን ስቶ ነበር። ቁመቱ ከኔ በልጦ፣ ጢሙ ጀምሮት፣ እንደ ሕፃን ነው የጮኸው። "እማዬ! ማን አለኝ እንግዲህ!" ይላል። ሰው ሁሉ "እናት አባት የሌለው ሆኖ ቀረ" እያለ ያለቅስለታል። እናቱ አጠገቡ ቆማለች እኮ። እናቱ ክንዱን ይዛዋለች። አቀፍኩትና "አይዞህ ወንድሜ" አልኩት። ወንድሜ! አፈሩ ገና ሳይመለስ፣ "እሺ" ያልኳትን በላሁት።

አባዬ በሠልስቱ ደወለ። ቤቱ ሰው ሞልቶበታል፤ ኪሩ ፊት ለፊቴ ፍራሽ ላይ ጭንቅላቱን ግድግዳ አስደግፎ ተቀምጧል። ጋሼ ታደሰ ናቸው ስልኩን አቀብለውኝ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ ያደረጉት። አባዬ አርጅቷል፤ እየተንሰቀሰቀ ያለቅስ ነበር። ሌላ አላገባም፣ ይህንንም ልንገራችሁ። ከሄደ ሃያ ዓመት አልፎታል፣ ብቻውን ነው የኖረው።

"ሮሚዬ" አለኝ፣ "እኔ ይቅር ብያታለሁ። የበደለችኝን ሁሉ ትቼላታለሁ። ኃጢአቷን እግዜር ይቅር ይበላት።"

የማኅበሯ ሴቶች፣ ወይዘሮ ዘነበች፣ ጋሼ ታደሰ፣ ኪሩ፣ ሁሉም እኔን ያዩኛል። መልስ ይጠብቃሉ። "አባዬ፣ ኃጢአት የለባትም፣ ልጁ የኔ ነው" ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃኝ ነበር። ኢንተርቪው የለም፣ ፋይል የለም፣ የሚቀርብኝ ምንም ነገር አልነበረም። ለራሴ እንኳ የማቀርበው ሰበብ አልነበረኝም።

"አሜን" አልኩ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ልጅ ነበርኩ፣ ፈርቼ ነው፣ አሳስተውኝ ነው፣ ይህን ሁሉ ለጓሮው ስልክ ልል እችል ይሆናል። ለዚያች አሜን ግን የምለው የለኝም። ኪሩ ነገ ጠዋት "እቴቴ፣ ደህና አደርሽ?" ይለኛል፤ እኔም "ደህና ነኝ ወንድሜ" እለዋለሁ።